ባለ አራት መሰኪያው ሳጥን

«አባዬን እንንቀለው» የሚለውን ነገር ጥርስ ሠሪዋ የሰማችው ቅዳሜ ጠዋት፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ አፏ በጥርስ ሳሙና አረፋ ተሞልቶ ሳለ ነው። የተናገረው ታናሽ ወንድሟ ነው፤ የተነገራት ደግሞ እናታቸው። ሌላ ሰው ቢሰማ ጉድ ሊል ይችላል፤ በዚያ ቤት ግን ነገሩ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ አባታቸው በሕይወት ሳለ የገጣጠመው፣ ቀንም ሌሊትም የማይጠፋ ኮምፒውተር አለ። የወግ ስሙ ሰርቨር ነው፤ የቤቱ ሰው ግን «ሳጥኑ» ይለዋል። የቤተሰቡ ፎቶ፣ ፊልም፣ ሰነድና ሥራ ሁሉ የሚቀመጠው እዚያ ውስጥ በተሰኩት ዲስኮች ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ዲስክም በባለቤቱ ስም ይጠራል። እንግዲህ «አባዬን እንንቀለው» ማለት የአባትየውን ዲስክ ከሳጥኑ እናውጣው ማለት ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ሆኖም ከሞተ ሦስት ዓመት የሆነው አባቷ እንደገና ከቤት የሚወጣ መስሎ ተሰማትና ብሩሹን በአፏ እንደያዘች ቀጥ ብላ ቆመች።

«ልብ ብለሽ ስሚኝ እማዬ፤ ልጥለው አይደለም እኮ» ይላል ወንድምየው በቀጭኑ ግድግዳ ወዲያ። «በጨርቅ ጠቅልለን መሳቢያ ውስጥ እናስቀምጠዋለን። ለመሆኑ ማን ይከፍተዋል? እኔ ራሴ ከፍቼ አዳምጬዋለሁ። ይሄኛውን ብል፣ ያኛውን ብል ባዶ ነው። ዝምታ ነው የተቀዳው! አሁን ዝምታ መሰኪያ ይዞ ይቀመጥ?»

«እንዳላችሁ ልጄ። እኔ ምን አውቃለሁ» አለች እናትየው።

«እኔ ምን አውቃለሁ» የእናትየው የዘወትር ቃል ነው። ከአራት ወር በፊት ድመቱ ሱቁ ተዘግቶበት፣ ሚስቱንና ገና አፏን የምትፈታ ልጁን ይዞ ሲመጣ (ድመቱ ያው ወንድምየው ነው፤ ለምን እንዲህ እንደተባለ ይመጣል)፣ ከባሏ ጋር ዕድሜዋን የጨረሰችበትን መኝታ ቤት «እኔ ምን አውቃለሁ፤ ልጅ ያለው ሰው በሩን የሚዘጋው ክፍል ያስፈልገዋል» ብላ ለቀቀችለት። ትራሷን በብብቷ፣ የሌሊት ልብሷን በክንዷ አድርጋ ሳሎን ገባችና ከሳጥኑ አጠገብ ያለው ሶፋ ላይ ሰፈረች። ሶፋው ከቁመቷ ስለሚያጥር እግሯን አጥፋ ነው የምትተኛው። ጥርስ ሠሪዋ «የኔን አልጋ ውሰጂ» ብላ ብትለምናት፣ ብትቆጣት፣ ብታኮርፋት ወይ ፍንክች! ከዚያ ወዲህ የእናትየው ዓይን ሥሩ ጠቁሯል። ጠዋት ጠዋት ቃል ማውጣት ይከብዳታል፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ በቁሟ ነው እንቅልፍ የሚወስዳት። እያረጀች ነው ብለው ሁሉም በልባቸው ተስማምተዋል፤ አፍ አውጥቶ የተናገረው ግን የለም።

ድመቱ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይሄ ይታወቅለት። የሰርግ ቪዲዮ ቀራጺ ነው። ካሜራውን ተሸክሞ የሰው ደስታ እየቀረጸ የሚኖር ሰው ምን ክፋት አለው? ያው እንደ ማንም ሰው፣ ሲቸግረው መጀመሪያ የሚሄደው እምቢ ማለት ወደማይችለው ሰው ነው። ችግሩም እውነተኛ ችግር ነው። ባለፈው ዓመት የአንድ ሙሽሮች ሰርግ ያለበት ዲስክ ሳይታሰብ ድርቅ ብሎ ሞተበት። ሌላ ቅጂ አልነበረውም። ሙሽሪት ሱቁ በር ላይ መጥታ ትሰድበኛለች ብሎ ሲጠብቅ፣ «አያቴ እዚያ ውስጥ ነበሩ እኮ። ከዚያ ወዲህ አርፈዋል» ብቻ ብላው ሄደች። ቢሰደብ ይሻለው ነበር። ወሬው ዞረ፣ ደንበኛው ሸሸ፣ ሱቁ ተዘጋ። አሁን ሰዎች ቀስ በቀስ እንደገና ሊያምኑት ጀምረዋል፤ እሱ ግን ራሱን አላመነም። የቀረጸው ሰርግ ሁለት ዲስክ ላይ ካልተቀመጠለት እህል በአፉ አይዞርም።

ሳጥኑ ያለው መሰኪያ ደግሞ አራት ነው። አንደኛው ሳጥኑ የሚነሳበትን ትንሽ ዲስክ ይዟል፤ እሱ ከተነቀለ ሳጥኑ በድን ነው። ሁለተኛው «የቤቱ» ይባላል፤ ፎቶው፣ ሰነዱ፣ የሕፃኗ ካርቱን እዚያ ነው። ሦስተኛው አባዬ። አራተኛው ድሮ የጥርስ ሠሪዋ ነበር። ወንድሟ ሲመጣ ማንም ሳይጠይቃት ዲስኳን ነቅላ፣ በካልሲ ጠቅልላ ከልብሷ ሥር ወሸቀችና ቦታውን ለቀቀችለት። አምስተኛ ቢፈለግስ? የለም። መሰኪያ የሚጨምር ካርድ የሚገባበት ቀዳዳ መብራት ሄዶ በኃይል የተመለሰ ዕለት ተቃጥሏል። በውጭ በገመድ የሚንጠለጠል ዲስክም ተሞክሮ ነበር፤ የመወልወያው እንጨት ገመዱን ጠለፈና ዲስኩን ከወለሉ ጋር አላተመው። የሕፃኗ የመጀመሪያ ወር ፎቶ በሙሉ እዚያው ቀረ። የምትወለውለው እናትየው ነበረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ከዚህ ሳጥን ውጪ የሚንጠለጠል ነገር እንዳላይ» አለች፤ በዕድሜዋ ሙሉ የከለከለችው ነገር ይሄ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሁሉን የሚይዝ አንድ ትልቅ ዲስክ እንግዛ እንዳይባል ዋጋው ሰማይ ነክቷል። ድመቱ ዛሬ የሚያመጣውን ትንሹን እንኳ የገዛው የካሜራ መብራቱን ሸጦ ነው።

አባትየው የቴአትር አዳራሽ የድምፅ ቴክኒሺያን ነበር። የቀዳውን ሁሉ ሳያሳንስ በሙሉ መጠኑ ነው የሚያስቀምጠው። «ድምፅ አይጨመቅም፤ የታጠበ ልብስ ነው እንዴ?» ይል ነበር። እንዲህ እያለ ዲስኩን እስከ አፍ ገደፉ ሞልቶት ሞተ። ምን እንደቀዳበት በቅጡ የጠየቀ የለም። የቴአትር ቤት ሥራ ይሆናል ተብሎ ታለፈ።

ቁርስ ላይ ማንም ስለ ነገሩ አላነሳም። ሕፃኗ ዳቦዋን ሻይ ውስጥ ትነክራለች፣ የድመቱ ሚስት አፏን ትጠርግላታለች፣ እናትየው ሲኒዋን ታዞራለች። ጥርስ ሠሪዋ የሰማችውን እንደሰማች ሁሉም ያውቃል። በመጨረሻ ድመቱ ጉሮሮውን ጠረገና «ዛሬ ሰርግ አለብኝ። ከዚያ በፊት ዲስኩን ይዤ ብቅ እላለሁ። አንቺ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነሽ፤ ስትገቢ አባዬን ንቀይልኝ» አላት።

«አንተስ እጅ የለህም?»

«ያንቺ እጅ ለእንዲህ ያለ ነገር የተፈጠረ ነው» አለ ዳቦው ላይ አቀርቅሮ። «ከከበደሽ ደግሞ ዝምታውን በፕሮግራም ቆርጠን እንጥለውና የተረፈ ነገር ካለ የቤቱ ላይ እንጨምረዋለን። ፕሮግራሙ ዝምታ መሆኑን ራሱ ያውቃል።»

«ፕሮግራሙ ያውቃል» አለች ጥርስ ሠሪዋ። ብትጨምር እንደምትጮህ ስለገባት ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

በሩ ሲከፈት ጮኸ። የዚያ ቤት በር ማጠፊያው ድሮም ይጮሃል። ድመቱ ከመጣ ወዲህ አንድ ጠርሙስ የማሽን ዘይት ገዝቶ በሩ ሥር አስቀምጧል፤ ልቀባው ባለ ቁጥር ግን እናትየው ምክንያት አታጣም። አንዴ ወለሉ ይበላሻል ትላለች፣ አንዴ ሕፃኗ ትነካዋለች ትላለች፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ «ዛሬስ ተወው» ብቻ። ጠርሙሱ ሳይከፈት አቧራ ጠጥቷል።

ድመት የተባለውም በዚሁ በር ሰበብ ነው። ጎረምሳ ሳለ ከጓደኞቹ ጋር አምሽቶ ይመጣና በሩን ትንፋሹን ይዞ በስሱ ገፋ አድርጎ፣ ጫማውን እዚያው አውልቆ፣ በእግሩ ጣት ተራምዶ አልጋው ውስጥ ይገባል። ጠዋት ታዲያ ለእህቱ «ነፍስ ያለው አልሰማኝም። እኔ እኮ ድመት ነኝ!» እያለ ይፎክርባታል። አባትየው ሻዩን እየጠጣ አንድም ቀን ቀና ብሎ የት አመሸህ ብሎት አያውቅም። ስሙ እንደዚያው ቀረ፤ ዛሬ የልጅ አባት ሆኖም ድመቱ ነው።

ሰው ሠራሽ ጥርስ የምትሠራበት ክፍል ፎቅ ላይ ነው። ትልልቅ መስኮት አለው፤ የጄሶው ብናኝ በብርሃኑ ውስጥ ሲንሳፈፍ ሁሉም ነገር ውኃ ሥር ያለ ይመስላል። ሠራተኞቹ አንገታቸውን ደፍተው የሰው አፍ ይሠራሉ። ጥርስ ሠሪዋ የዚያን ዕለት የያዘችው ጡረታ የወጡ የአንድ አውቶቡስ ሹፌር ጥርስ ነው። ሰውየው ፊት ለፊት ድሮ የነበረቻቸው ክፍተት እንድትመለስላቸው ጠይቀዋል፤ ያለሷ ማፏጨት አልቻሉም አሉ። አጠገቧ ተቀምጦ ሰም የሚያቀልጠው ባልደረባዋ ሲሰማ ሳቀ። «ወይ ጊዜ! ሰው ለሌለ ነገር ይከፍላል? የቤት ኪራይ እንዲህ በጨመረበት አገር አየር ይሸጣል እንዴ?» አላት። እሷም ሳቀች፤ ክፍተቷን ግን ከጥርሶቹ ሁሉ አስበልጣ ተጠበበችባት። ሰፋ ብታደርጋት ሰውየው ሌላ ሰው ይሆናሉ፣ ብታጠባት ፉጨቱ አይወጣም። በመርፌ ጫፍ እየፋቀች ሳለ ሐሳቧ ሄደ። አራቱ መሰኪያዎች አራት አልጋ ሆኑባት፤ ሰው ግን አምስት ነው። አንዱን ቀስቅሳ ማስነሳት አለባት። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል፤ የማንን ትከሻ ትንካ?

አውቶቡስ ውስጥ ደግሞ እውነተኛ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት። ሳጥኑ ትልቅ ቤት ሆኖ አየችው፣ በሩ አራት። አባቷ ውጪ ቆሟል፤ ትከሻው ላይ ጨርቅ ጣል አድርጓል፣ ፊቱ ደስተኛ ነው። «አባዬ፣ ለምን አትገባም?» ብትለው በእናቷ ድምፅ «እኔ ምን አውቃለሁ» አላት። ልታቅፈው እጇን ስትዘረጋ አውቶቡሱ ፍሬን ያዘና ግንባሯ መስተዋቱን መታው። መውረጃዋ አልፏል። ሌላ ቅዳሜ ቢሆን ጓደኛዋ ዘንድ ጎራ ብላ ታመሽ ነበር፤ ዛሬ ግን ያለፈችውን መንገድ በእግሯ እየተመለሰች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ያለውን ትንሽ መፍቻ በጣቷ እየዳሰሰች፣ ወደ ቤት አመራች። ነቅላ ልትገላገል ነው የወሰነችው። ለሞተ ሰው ብላ በሕይወት ያለውን እንዴት ታስርብ? ይሄ ትክክል ነው አለች ለራሷ፤ ትክክል መሆኑ ግን አላጽናናትም።

በሩ እንደ ልማዱ ጮኸ። ማንም ብቅ አላለም። የድመቱ ሚስት ሕፃኗን ይዛ እናቷ ዘንድ ሄዳለች። መጋረጃው ግማሽ ተከፍቶ የከሰዓት ፀሐይ ወለሉ ላይ ተጋድማለች፣ ሳጥኑ በዝግታ ያጉረመርማል። እናትየው እግሯን አጥፋ፣ እጇን ከጉንጯ ሥር አድርጋ፣ ሶፋው ላይ ተኝታለች። ጭንቅላቷ ላይ የአባዬ የሥራ ማዳመጫ፣ ሁለት ጆሮ የሚውጠው ጥቁሩ፣ ተደፍቷል። የአባቷን ኮፍያ የደፋች ሕፃን ትመስላለች። የማዳመጫው ገመድ ከቴሌቪዥኑ ተሰክቷል። ቴሌቪዥኑ ጨልሞ ድምፅ ብቻ ሲጫወት የምትወጣዋ ቀጭን መስመር ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ትላለች። ከሳጥኑ ፊት ካሉት ትንንሽ መብራቶች የሌሎቹ ዝም ብለዋል፤ የአባዬ ግን ብልጭ፣ ብልጭ ትላለች። «ማን ይከፍተዋል?» ብሎ የጠየቀው ልጅ መልሱ ይኸው ሶፋ ላይ ተኝቶለታል።

ጥርስ ሠሪዋ ጫማዋን አውልቃ ተንበረከከችና ማዳመጫውን ቀስ ብላ ከእናቷ ራስ አወጣችው። እናትየው አልነቃችም። ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ማንኮራፋት ነው። አባዬ ነው የሚያንኮራፋው! ወፍራም፣ ባለጉሮሮ፣ ተጎትቶ ተጎትቶ ጫፉ ላይ በፉጨት የሚያልቅ፣ ልጅነቷን ሙሉ በግድግዳ በኩል የሰማችው ያው ማንኮራፋት። ያኔ ነገሩ ሁሉ ትዝ አላት። እናቷ ጠዋት ጠዋት «ዛሬም ቤቱን ልታፈርሰው ነበር» ስትል አባቷ «እኔ? እኔ እኮ አላንኮራፋም፤ ማስረጃ አምጪ» ይል ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ቦታው መቅጃ ተሸክሞ መጣና ማይክራፎኑን ካልሲ አልብሶ ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀለው። ማስረጃውን ራሱ ሊያመጣ ነው! ስንት ጊዜ እንደሰቀለው እንጃ፤ ዲስኩ መሙላቱ ግን ከዚሁ ነው። ድምፁ በድንገት ተቋረጠና ሹክሹክታ መጣ። «ስሙኝ ልጆች። አሁን እኔ ነቅቻለሁ። ይሄ ቀጭኑ፣ ይሄ ከጀርባዬ የምትሰሙት፣ እናታችሁ ናት። ፍረዱኝ!» ጥርስ ሠሪዋ አፏን በሁለት እጇ አፈነች። ሳቋ ወዴት እንደተገለበጠ ሳታውቀው እንባዋ በጣቶቿ መሃል ይወርዳል።

አንድ ነገር ግን ከነከናት። ድመቱ አዳምጬዋለሁ ብሏል፤ ውሸታም ደግሞ አይደለም። ሪሞቱን አንስታ የዚያን ሌሊት ቅጂ ከመጀመሪያው አስጀመረችው። እውነትም ዝምታ። ድመቱ ይሄን ሰምቶ ነው የዘጋው፤ እሷ ግን ጄሶ እስኪደርቅ ቁጭ ብላ መጠበቅ ሥራዋ ነውና ጠበቀች። ዝምታው ውስጥ እየቆየ ነገር መጣ። ድሮ የተሰበረው የግድግዳ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል። የቧንቧው ውኃ ያልፋል። የአልጋው ሽቦ ሰው ሲገላበጥ ያቃስታል። አባቷ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ይተነፍሳል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ይገላበጣል። ያልተኛ ሰው ነው። የተኛ ሰው እንዲህ አይተነፍስም። ከዚያ በጣም ከሩቅ ያ በር ጮኸ፤ በስሱ ነው፣ የሚጠብቀው ጆሮ ካልሆነ አይሰማውም። ግድግዳው ቧ አለ። ጥቂት ቆይቶ ከወዲያ አልጋ ተንቋቋ።

«ገባ» አለ የአባቷ ድምፅ፣ በቀስታ።

«እ?»

«ልጁ ገባ። ተኚ።»

ሁለት ሦስት ጊዜ እንኳ በደንብ ሳይተነፍስ ማንኮራፋቱ ተጀመረ። ሌላ ሌሊት ከፈተች። ዝምታ፣ በር፣ «ገባ»፣ ማንኮራፋት። ሌላ ከፈተች። ይሄኛው ዝምታው ማለቂያ የለውም፤ አባቷ ተነስቶ መስኮቱ ድረስ ሄዶ ተመልሷል። ልጁ የቆየበት ሌሊት ነው። ወንድሟ ባዶ ነው ያለው፣ ፕሮግራሙ ቆርጦ የሚጥለው ይሄንን ነው። መፍቻውን ከቦርሳዋ አላወጣችውም።

«መጣሽ?» አለች እናትየው፤ ነቅታ ኖሯል። ማዳመጫውን ልጅዋ ጆሮ ላይ ስታየው ስኳር ስትሰርቅ የተያዘች ልጅ መሰለች።

«እማዬ፣ ለምን አልነገርሽንም?»

«ምን ብዬ? የባሌ ማንኮራፋት ናፈቀኝ ብዬ? በሳቅ ልትሞቱ!» ከዚያ የቀሚሷን ጫፍ ማስተካከል ያዘች። «ድሮ እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነበር። አሁን ያለሱ አይወስደኝም። ምን ይደረጋል።»

«ታዲያ ይነቀል ሲልሽ ለምን እሺ ትያለሽ?»

«ልጄ፣ እኔ ያጣሁትን አጥቻለሁ። እሱ እንደገና ሥራ አጥቶ ላየው አልችልም» አለች እናትየው። ጥርስ ሠሪዋ አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ያዘቻት። የእናቷ እጅ ከእንቅልፍ የወጣ እጅ ነው፣ ይሞቃል።

ድመቱ አዲሱን ዲስክ እንደ እንቁላል በሁለት እጁ ይዞ ሲገባ ሁለቱ እንደዚያው ተቀምጠው ነበር። ሳጥኑን አየ፤ ክዳኑ አልተነሳም። «አልነቀልሽውም?» አለ። ጥርስ ሠሪዋ ማዳመጫውን ዘረጋችለት።

«ቁጭ በል።»

«ሰርግ አለብኝ እኮ!»

«ሰርጉ የትም አይሄድም። ቁጭ በል አልኩህ።»

ወለሉ ላይ ተቀመጠና ማዳመጫውን ደፋ። ትንሽ ቆየና «ዝምታ ነው ብያችሁ የለ?» አለ። እህቱ በጣቷ ጠብቅ አለችው። ጠበቀ። ቴሌቪዥኑ ላይ መስመሯ ተዘርግታ ተኝታለች። እናትየው መስኮት መስኮቱን ታያለች። ልጁ ቀስ በቀስ መቁነጥነጡን ተወ፣ አንገቱን ዘንበል አደረገ፤ የሰዓቱን ድምፅ አወቀው መሰለኝ። ከዚያ መስመሯ አንዴ ትንሽ ብድግ ስትል በካልሲው ውስጥ የእግሩ ጣቶች ተጨማደዱ። በሩን ያለፈው እሱ ራሱ ነዋ! መስመሯ እንደገና ብድግ አለች። ማዳመጫውን ከጆሮው ሲያወርድ ፊቱ የጎረምሳ ፊት ሆኗል።

«ጫማዬን አውልቄ ነበር እኮ የምገባው» አለ።

«ስታወልቅ ግድግዳውን ትደገፋለህ» አለች እናትየው። «ግድግዳው ደግሞ ከትራሳችን ጋር የተያያዘ ነው።»

«በየቀኑ ይሰማኝ ነበር?»

«ሳትገባ መች ተኝቶ ያውቃል? አላንኮራፋም እያለ የሚሟገተኝ ለዚህ እኮ ነው። የሌሊቱን ግማሽ ነቅቶ ስለሚያሳልፍ እንቅልፍ ያለው አይመስለውም።»

«አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣኝም።»

«ገባህ አይደል? ለገባ ሰው ምን ይባላል?»

ድመቱ አለቀሰ። አባቱ ሲቀበር ካሜራ ይዞ ሌሎቹን ሲቀርጽ ነበርና ያኔ አላለቀሰም፤ አሁን ዲስኩን ጭኑ ላይ አድርጎ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። ሁለቱ ሴቶች ተዉት። ሲበቃው አፍንጫውን በእጅጌው ጠርጎ ሳጥኑን ተመለከተና «አባዬን የነካ እጁ ይቆረጥ። እኔ ግን ሁለት ከሌለኝ አልሠራም፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ አልችልም» አለ። ድምፁ ውስጥ ያቺ ሙሽሪት አለች።

እህትየው የዚህን መላ ሰም ስታቀልጥም ጥርስ ስትፍቅም አስባ አላገኘችውም። መፍትሔው የመጣው ከእናቷ ዘንድ ነው። «ያ የቤቱ የምትሉት፣ ቀኑን ሙሉ ካርቱን ከማሳየት ሌላ ምን ይሠራል?» አለች። «ጠዋት ጠዋት እሱ ይውጣና ያንተ ይግባ፤ የቀረጽከውን ገልብጠህ ስትጨርስ መልሰው። መጸዳጃ ቤቱንስ በተራ አይደል እንዴ የምንገባው?»

ድመቱ እህቱን አያት፣ እህትየው ሳጥኑን አየች። በየጠዋቱ ማጥፋት፣ ክዳን መክፈት፣ መንቀል፣ መሰካት፤ አሰልቺ ነው፣ ግን ይሆናል። «ልጅቷ ካርቱኗን ስታጣ ታለቅሳለች» አለ ድመቱ።

«ታልቅስ። ዓይኗ ይጠራላታል።»

ጥርስ ሠሪዋ መፍቻዋን አወጣችና ሳጥኑን አጥፍታ ክዳኑን ከፈተች። ያንን ጉርምርምታ ያጣው ሳሎን እንግዳ ሆነባቸው፤ ሦስቱም ሳያውቁት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። የቤቱን ዲስክ አወጣች፣ አዲሱን በቦታው ሰካችና መግባቱን ሞከረች፤ ልክ ነው። የአባዬን በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ አቧራውን ብቻ ጠረገችለት። ሁሉን ወደ ቦታው መልሳ ስታስነሳው መብራቶቹ ተራ በተራ ቦግ አሉ፣ ጉርምርምታውም ተመለሰ። እናትየው ትንፋሿን ለቀቀች።

ድመቱ የካሜራ ቦርሳውን ትከሻው ላይ ሰቅሎ መሄድ አቃተው። ሶፋውን ያያል፣ የእናቱን የታጠፈ እግር ያያል፣ መኝታ ቤቱን ያያል። «እማዬ» አለ በመጨረሻ፣ «ክፍልሽን ውሰጂ። እኛ እዚህ እንተኛለን። ዛሬውኑ ከሰርጉ ስመለስ ዕቃውን አወጣለሁ።»

«የለም፣ የለም። እኔ እዚህ ይሻለኛል።»

«እዚህ ምኑ ይሻልሻል? እግርሽን እንኳ አያዘረጋሽ!»

«በሩ ይሰማኛል» አለች እናትየው።

ጥርስ ሠሪዋ የእናቷን ዓይን ሥር አየች፤ ወንድሟም አየ። በዚህ አራት ወር ከስንቱ ሰርግ ሲመለስ ጫማውን አውልቆ፣ በእግሩ ጣት ተራምዶ፣ ሳሎኑን አልፎ፣ ማንም አልሰማኝም ብሎ የተኛበት ሌሊት ሁሉ ፊቱ ላይ አለፈ። ጎንበስ ብሎ በሩ ሥር የተቀመጠውን የዘይት ጠርሙስ አነሳ፣ አቧራውን በመዳፉ ጠረገና ለእህቱ ሰጣት። «ሥራ ቦታሽ ውሰጂው፤ እዚህ አያስፈልግም» አላት። ከዚያ በሩን ከፍቶ ወጣ፣ በሩም እንደ ልማዱ ጮኸ።